የሚንገዳገድ መደብር አክሲዮን

የችርቻሮ ድርጅት አክሲዮን በርካሽ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ድርጅቱ ሲቸገር ነው። መደርደሪያው ሲሳሳ፣ አቅራቢዎች ዱቤ ሲከለክሉ፣ የትርፍ ድርሻ ሳይከፈል ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ፣ አክሲዮን የያዘው ሰው ልሽጥ ይላል፤ ዋጋው ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የሚገዛ ሰው ከሁለት ተስፋዎች አንዱን ይዟል። ወይ ድርጅቱ ያገግማል ብሎ ያምናል፣ ወይ ደግሞ ባያገግም እንኳ ንብረቱ ተሽጦ ከከፈልኩት የሚበልጥ ይደርሰኛል ብሎ ያሰላል። ሁለቱም የሠሩበት ጊዜ አለ። በችርቻሮ ንግድ ግን ሁለተኛው ስሌት ከሌላው ዘርፍ ይበልጥ ደጋግሞ ይከሽፋል።

በአዊ ዞን ከተሞች በእንጅባራና በዳንግላ ዋና ጎዳናዎች ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆች በአብዛኛው የግለሰብና የቤተሰብ ናቸው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆርቆሮና ሚስማሩ፣ ሞባይሉ ባለቤት እንጂ አክሲዮን የለውም። ሱቁ ቢከስር የሚጎዱት ባለቤቱና ያበደሩት ናቸው። ብዙ ሰው ድርሻ ያዋጣበት ሱቅ ቢኖር የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ እሱም የሚሸጠው እጣ እንጂ አክሲዮን ስላልሆነ ሕጉ ሌላ ነው። ሰፊ መረብ ያላቸው መደብሮች ደግሞ የመንግሥት ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው። ጅንአድ፣ ኢትፍሩትና እህል ንግድ በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሥር ተጠቃለዋል። «አለ በጅምላ»ም የዚሁ ቤት ነው። ከእነዚህ አንዱም ድርሻውን ለሕዝብ ሸጦ አያውቅም።

አክሲዮን መግዛት ራሱ ግን ለአገሩ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ያቋቋመው የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ይሠራ ነበር፤ ጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 ድርጅቶችን ሲወርስ የሚገበያየው ነገር ጠፋ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ባንኮችና ኢንሹራንሶች አክሲዮን መሸጥን መልሰው አለመዱ። አማራ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከ140 ሺህ የሚበልጡ ባለአክሲዮኖች ነበሩት። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን በሚል ገደብ በቴሌብር ሲሸጥ፣ ገዢው ወደ አዲስ አበባ መሄድ አላስፈለገውም፤ ዳንግላ ሆኖ በስልኩ መግዛት ይችል ነበር። በመጨረሻ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዙ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ደወሉን ደወለ። ቀድመው የተመዘገቡት ወጋገንና ገዳ ባንኮች ናቸው።

መደብሮች ወደዚህ ገበያ የሚመጡበት ምክንያት እየተፈጠረ ነው። ለብዙ ዘመን ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የቆየው የችርቻሮና የጅምላ ንግድ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ቁጥር 1001 ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። ከውጭ ከሚመጣ ትልቅ ነጋዴ ጋር የሚፎካከር የአገር ውስጥ መደብር ካፒታል ያስፈልገዋል፤ ካፒታል የፈለገ ደግሞ ወይ ባንክ ይሄዳል ወይ አክሲዮን ይሸጣል። ከፉክክሩ ተሸናፊ ሆነው የሚወጡ መኖራቸውም አይቀርም። ስለዚህ መደብር እንዴት እንደሚታመም ማወቅ አክሲዮኑ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ይጠቅማል።

የሱቅ ሀብት ከሁሉ በፊት ዕቃ ነው። ፋብሪካ ማሽን፣ ገበሬ መሬትና ከብት አለው፤ ሱቅ ያለው በመደርደሪያና በመጋዘን የተከማቸ፣ ለመሸጥ የተገዛ ሸቀጥ ነው። ሸቀጡ በሒሳብ መዝገብ የሚሰፍረው በተገዛበት ዋጋ ነው። ባደረ ቁጥር ግን ያ ዋጋ ከእውነቱ እየራቀ ይሄዳል። ዱቄቱ ቀኑ ያልፍበታል፣ ጫማው ወረቱ ያልፍበታል፣ ሞባይሉ አዲስ ሞዴል ይወጣበታል። የሚብሰው ነገር ይህ አይደለም። ገንዘብ ያጠረው መደብር ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን ዕቃ መተካት ስለማይችል፣ በመደርደሪያው የሚቀረው ገዢ አይቶ የተወው ነው። የዕቃው ድምር በመዝገቡ ላይ ካምናው ጋር እኩል ሊሆን ይችላል፤ አምና ግን ዘይትና ስኳር የነበረው ዘንድሮ የማይነካ የሸክላ ሳህን ሆኗል። ከሂሳብ መግለጫ ላይ ይህን ማየት አይቻልም። ወደ መደብሩ ገብቶ ዓይንን ማንከራተት ግን ማንም የሚችለው፣ ምንም የማያስከፍል ምርመራ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዱቤ ነው። ችርቻሮ ባመዛኙ በሰው ገንዘብ ይሠራል፤ ነጋዴው ከባሕር ዳር ወይም ከመርካቶ ዕቃ በዱቤ ያነሳል፣ ሸጦ ይከፍላል። ይህ አሠራር የቆመው በእምነት ላይ ነው። አንድ አቅራቢ «እገሌ ቸገረው» የሚል ወሬ ከሰማ በሚቀጥለው ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። ያኔ መደብሩ በአንድ ወር ውስጥ ለአሮጌው ዕዳም ለአዲሱ ዕቃም መክፈል ይኖርበታል። መደርደሪያው ይሳሳል፣ ደንበኛው የሚፈልገውን ሲያጣ ወደ ጎረቤት ሱቅ ያልፋል፣ ሽያጩ ይወርዳል፣ ወሬውም እውነት ሆኖ ያርፋል። ፋብሪካ ዓመታት እየከሰረ ሊቆይ ይችላል፤ አቅራቢ የከዳው መደብር ግን ወራትን አይሻገርም።

ከዚህ ላይ የዋጋ ንረት ይጨመራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አንድ ነጋዴ በ1,000 ብር የገዛውን ካርቶን በ1,300 ሸጠ እንበል። መዝገቡ 300 ብር ትርፍ ይላል። የሚተካው ካርቶን ግን 1,400 ብር ገብቷል። 100 ካርቶን ሸጦ ባገኘው 130,000 ብር 93 ካርቶን እንኳ አይሞላለትም። ግብር የሚከፈለውና የትርፍ ድርሻ የሚጠየቀው በዚያ «ትርፍ» ላይ ነው። በንረት ዘመን የመደብር ሽያጭ በብር ከፍ ማለቱ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ስንት ካርቶን ሸጠ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ቦታም የራሱ ጠባይ አለው። በአዊ ዞን የሱቅ ንግድ ከገበሬው ኪስ ጋር ይወጣል ይወርዳል። የድንች፣ የገብስና የጤፍ ምርት ሲገባ፣ የሠርግ ወራትና ዓመት በዓል ሲደርስ ገዢው ይበዛል። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራን ሲሞላት ደግሞ ሆቴሉም ሱቁም ይቀናዋል። ክረምት ሲገባ ገበያው ይደርቃል፤ ኪራይና ደመወዝ ግን አይደርቁም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ለብዙ ቤተሰብ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ዛፉን የመታው በሽታ የገበሬውን ብቻ ሳይሆን የልብስና የቆርቆሮ ሻጩንም ገቢ ይነካል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ በዘጋ ቁጥር ዕቃ በሰዓቱ አይደርስም። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሒሳብ ሹም የሚያዘጋጀው ዓመታዊ መግለጫ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሽያጭ ቀነሰ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ትምህርት የጎረቤት አገር ኬንያ ኡቹሚ ነው። ኡቹሚ ሱፐርማርኬት እ.ኤ.አ. በ1975 በሦስት የኬንያ መንግሥት ድርጅቶች ተቋቋመ፤ በ1992 አክሲዮኑ በናይሮቢ ገበያ ተመዘገበ (በውጭ አገር መደብሮች ታሪክ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስሙ በየቤቱ የሚታወቅ፣ ቅርንጫፉ በየከተማው ያለ ድርጅት ነበር። ከ2000 በኋላ ኪሳራ ጀመረው። በ2005 ነባር ባለአክሲዮኖች ተጨማሪ አክሲዮን እንዲገዙ ጠይቆ ገንዘብ ሰበሰበ፤ ወራት ሳይቆይ፣ ሰኔ 2006 ላይ በሩን ዘጋ። አዲሱን ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች አክሲዮን የማይሸጥ የማይለወጥ ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ ግብይቱ ታግዶ ነበርና።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ቀላል ነበር። የኬንያ መንግሥት ገንዘብ አበደረ፣ አበዳሪ ባንኮች ታገሡ፣ መደብሮቹ እንደገና ተከፈቱ፣ ድርጅቱ ማትረፍ ጀመረ። ግንቦት 2011 መጨረሻ ላይ አክሲዮኑ ወደ ገበያ ተመለሰ። የአምስት ዓመቱን እግድ የታገሠ ባለአክሲዮን ቢያንስ መሸጥ ቻለ። ኡቹሚ ከሞት የተነሣ ድርጅት ተብሎ ተወደሰ፤ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ቅርንጫፎችን አስፋፋ። በ2014 ማብቂያ እያንዳንዱ በ9 ሺሊንግ አዲስ አክሲዮን ሲያቀርብ ገዢው ከቀረበው በላይ ፈለገ፤ ወደ 900 ሚሊዮን ሺሊንግ ተሰበሰበ። በ2015 አጋማሽ ቦርዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን አሰናበተ። የዚያው ዓመት ሒሳብ ከ3 ቢሊዮን ሺሊንግ በላይ ኪሳራ አሳየ፤ በጥቅምት የኡጋንዳና የታንዛኒያ መደብሮች ተዘጉ። በ9 ሺሊንግ የተገዛው አክሲዮን ውሎ አድሮ ከ1 ሺሊንግ በታች ወረደ። አቅራቢዎቹም በ2020 የዕዳ ቅነሳ ስምምነት ውስጥ ገቡ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ነገር «አትግዙ» የሚል አይደለም። በ2006 ዋዜማ ገብቶ እስከ 2011 የቆየና ወዲያው የሸጠ ሰው ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል ነበረው። የሚያስገርመው ግን በ2014 የተሰለፈው ገዢ ብዛት ነው። ገዢዎቹ ያዩት የቅርንጫፍ መብዛትን ነበር። ቅርንጫፍ ሲበዛ ጠቅላላ ሽያጭ መጨመሩ አይቀርም፤ ነባሮቹ መደብሮች እየደከሙ ቢሆን እንኳ አዲሶቹ ድካሙን ይሸፍኑታል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ገዢዎች የሚጠይቁት አምናም ዘንድሮም የነበሩት መደብሮች ብቻ ምን ያህል እንደሸጡ ነው። የኡቹሚ ዋና ተፎካካሪ የነበረው ናኩማትም በዚሁ መንገድ ሄዶ፣ አበዳሪዎቹ በ2020 መጀመሪያ እንዲፈርስ ወሰኑ።

የእንግሊዙ ዉልወርዝስ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1909 በሊቨርፑል የጀመረው ይህ መደብር በ2001 ከእናት ኩባንያው ተነጥሎ ራሱን የቻለ አክሲዮን ሲሆን፣ 182 መደብሮቹ ቀድመው ተሸጠው ተከራይ ሆኖ ነበር የወጣው። ገንዘቡን የወሰደው የቀድሞው ባለቤት ነው፤ ኪራዩ የቀረው ለአዲሶቹ ባለአክሲዮኖች ነው። በኅዳር 2008 ሲወድቅ 807 መደብሮች ነበሩት፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ተዘጉ። የራሱ ሕንፃ ያለው መደብር ክፉ ዘመንን ሕንፃውን አስይዞ ያልፋል። ተከራዩ የሚያስይዘው ዕቃውን ብቻ ነው። እንጅባራም ቢሆን የሱቁ ባለቤት ማን እንደሆነና ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ሳይጠይቁ የመደብር አክሲዮን መግዛት ግማሹን ታሪክ ሳይሰሙ መፍረድ ነው።

ያገገመም አለ። ኔክስት የተባለው የእንግሊዝ የልብስ መደብር በ1980ዎቹ ያለ ልክ ተስፋፍቶ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ በ1990 አካባቢ አክሲዮኑ ከ10 ፔኒ በታች ተሸጠ። አዲሱ አመራር በ1991 የካታሎግ ንግዱን ግራታንን ለጀርመኑ ኦቶ ሸጦ ዕዳውን አቃለለ። ልብስ መደብሩ ራሱ ጤነኛ ስለነበረ አክሲዮኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ ተመለሰ። እዚህ የሚታየው ልዩነት ግልጽ ነው፤ ኔክስት የታመመው በዕዳ ነው፣ ደንበኛው አልሸሸም ነበር። ዕዳ ይሸጣል፣ ይራዘማል፣ ይቀነሳል። የሄደ ደንበኛን የሚመልስ አበዳሪ ግን የለም።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የችርቻሮ አክሲዮን ማኅበር እያንዳንዳቸው የ1,000 ብር የሆኑ 20,000 አክሲዮኖች ሸጦ 20 ሚሊዮን ብር ሰበሰበ፤ ከዚያ 8 ሚሊዮኑን ከሰረ እንበል። በመዝገቡ 18 ሚሊዮን ብር ዕቃ፣ 5 ሚሊዮን የመደርደሪያና የቢሮ ንብረት፣ 4 ሚሊዮን ከደንበኞች የሚሰበሰብ ዱቤ፣ 1 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብ አለው፤ ድምሩ 28 ሚሊዮን። ዕዳው ለባንክ 7 ሚሊዮን፣ ለአቅራቢዎች 7 ሚሊዮን፣ ለግብርና ለደመወዝ 2 ሚሊዮን፣ በጠቅላላ 16 ሚሊዮን ነው። ለባለአክሲዮኖች የሚተርፈው 12 ሚሊዮን፣ ለአንድ አክሲዮን 600 ብር ማለት ነው። አንድ የተቸገረ ባለአክሲዮን በ400 ብር ልሽጥ ቢል ርካሽ ይመስላል።

ድርጅቱ ቢዘጋስ? የሚዘጋ ሱቅ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ቢወጣ ጥሩ ነው፤ 9 ሚሊዮን። መደርደሪያው 1 ሚሊዮን ቢያወጣ፣ ከዱቤው ግማሹ ቢሰበሰብ 2 ሚሊዮን፣ ጥሬ ገንዘቡ 1 ሚሊዮን፤ ጠቅላላው 13 ሚሊዮን። ከዕዳው በ3 ሚሊዮን ያንሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ ክፍያ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ባንክም በያዘው መያዣ ላይ ቅድሚያ አለው፤ አቅራቢው ጎድሎበት ይሄዳል። ባለአክሲዮን ከሁሉ በኋላ ስለሆነ 400ው ብር ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

ባይዘጋ ደግሞ ዕቃ የሚተካበት ገንዘብ ያስፈልገዋል። 10 ሚሊዮን ብር ለመሰብሰብ በ400 ብር ሒሳብ 25,000 አዲስ አክሲዮን ቢሸጥ፣ ጠቅላላው 45,000 ይሆናል፤ የነባሮቹ ድርሻ ከ100 በመቶ ወደ 44 በመቶ ይወርዳል። ከዓመታት በኋላ ድርጅቱ 4.5 ሚሊዮን ብር ቢያተርፍ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው 100 ብር ነው፤ አዲስ አክሲዮን ባይሸጥ ኖሮ 225 ይሆን ነበር። ሕጉ ነባር ባለአክሲዮን አዲሱን አክሲዮን በቅድሚያ የመግዛት መብት ይሰጠዋል። መብቱ የሚጠቅመው ግን የሚጨምረው ገንዘብ ላለው ነው። ስለዚህ የሚንገዳገድ ድርጅት አክሲዮን የሚገዛ ሰው የመጀመሪያውን ክፍያ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውንም አስቦ ቢገባ ይሻለዋል።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንድ ኩባንያ የካፒታሉን ሦስት አራተኛ ሲያጣ ዳይሬክተሮቹ ባለአክሲዮኖችን ሰብስበው ይፍረስ ወይስ ይቀጥል ብለው እንዲያስወስኑ ያዝ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ከዚህ አልፎ ያልከሰረ ግን የተቸገረ ድርጅት ከአበዳሪዎቹ ጋር ተደራድሮ ዕዳውን የሚያዋቅርበትን ሥርዓት አስገብቷል። ድርድሩ ድርጅቱን ሊያድን ይችላል። የሚያድነው ግን አበዳሪዎች ሲስማሙ ነው፤ እነሱም ብዙውን ጊዜ በምትኩ አክሲዮን ወይም የአመራር ለውጥ ይጠይቃሉ።

ለገዢው የቀረበለት መረጃ ከድሮው ተሻሽሏል። ቀደም ሲል ገና ያልተቋቋሙ ማኅበራት በየከተማው በወኪልና በቅስቀሳ አክሲዮን ይሸጡ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ሥራ ሳይጀምሩ የቀሩ አሉ። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርብ ድርጅት በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የጸደቀ ደንበኛ ሳቢ መግለጫ ማውጣት አለበት። መግለጫው ረጅምና አሰልቺ ነው። ለመደብር ሲሆን ግን ሦስት ቦታ ማንበብ ብዙ ይናገራል። አንደኛ ዕቃው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚገለበጥ፤ ከላይ ያለው ማኅበር በዓመት 36 ሚሊዮን ብር የተገዛ ዕቃ ቢሸጥና 18 ሚሊዮን ቢያከማች፣ እያንዳንዱ ዕቃ በአማካይ ስድስት ወር ያድራል፤ ለምግብ ሸቀጥ ይህ በሽታ ነው። ሁለተኛ ለአቅራቢዎች ያለው ዕዳ ከሽያጩ ፈጥኖ እያደገ መሆኑ። ሦስተኛ የኦዲተሩ ቃል፤ «ድርጅቱ ሥራውን የመቀጠል አቅሙ አጠራጣሪ ነው» የሚል ሐረግ ካለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ ገዢው የሚገዛው ንግዱን ሳይሆን ዕድሉን ነው።

በኅብረት ሥራ ማኅበር እጣ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 አንድ አባል ከማኅበሩ ጠቅላላ እጣ ከ10 በመቶ በላይ መያዝ አይችልም፤ አሥር እጣ ያለውም አንድ ያለውም ድምፁ አንድ ነው። በርካሽ ሰብስቦ ማኅበሩን ተቆጣጥሮ ማስተካከል አይቻልም። የሸማቾች ሱቅ ሲዳከም የሚያድነው አባላቱ ከሌላ ሱቅ ይልቅ ከራሳቸው ሱቅ መግዛታቸው፣ ወይም በጠቅላላ ጉባኤ ተነሥተው ሥራ አስኪያጁን መቀየራቸው ነው።

የአክሲዮን ዝውውርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ያልተመዘገበ ድርጅት አክሲዮን ሲገዛ ሻጩና ገዢው ውል መፈራረማቸው በድርጅቱ ዘንድ ገዢውን ባለአክሲዮን አያደርገውም። ዝውውሩ በማኅበሩ የባለአክሲዮኖች መዝገብ መስፈር አለበት፤ እስኪሰፍር ድረስ በጉባኤ የሚጠራውም፣ ድምፅ የሚሰጠውም፣ የትርፍ ድርሻ የሚከፈለውም በመዝገቡ ስሙ ያለው ሻጩ ነው። የመመሥረቻ ጽሑፉ ዝውውርን በቦርድ ፈቃድ ሊወስን ወይም ለነባር ባለአክሲዮኖች ቅድሚያ ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ጽሑፉንና መዝገቡን ማየት፣ ሻጩ የዋጋውን ሙሉ ክፍያ ለድርጅቱ መፈጸሙንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያልተከፈለ ቀሪ ካለ ድርጅቱ ሲቸገር አክሲዮኑን የያዘው ሰው ሊጠየቅበት ይችላል።